ግንደ ቆርቁር ግድግዳችሁን ሲያንኳኳ

ለቤት ባለቤቶች በተዘጋጀ የውይይት መድረክ ላይ የተደረገ ንግግር፣ ከድምፅ ቅጂ የተጻፈ

የተከበራችሁ ታዳሚዎች፣ የቤት ባለቤቶች፣ ተከራዮች፣ እንደ እኔ መሰላል ላይ ውላችሁ የምትገቡ የሙያ አጋሮቼ፣ እንደምን አደራችሁ?

በደህና ተኝታችኋል? ይህን የምጠይቀው ለወግ ያህል አይደለም። ከመካከላችሁ ገና ጎህ ሲቀድ ግድግዳው በራስጌው በኩል እየተደበደበ የሚነቃ ሰው እንዳለ አውቃለሁ። እስቲ እጃችሁን አውጡ። አንድ፣ ሁለት፣ አምስት... እዚያ ከኋላም አላችሁ። እሺ፣ አውርዱ። አይዟችሁ። የዛሬው ጨዋታ ስለ እናንተ ነው።

እኔ አናጢ ነኝ። ለ20 ዓመት ያህል የእንጨት ቤቶችን የውጭ ግድግዳ ስጠግን ኖሬያለሁ። ዝናብ ያበሰበሰውን፣ ምስጥ የበላውን፣ ፀሐይ የሰነጠቀውን ጠግኛለሁ። ሰው በጣም ተናዶ የሚደውልልኝ ግን በግንደ ቆርቁር ነው። ዝናብን ማንም አይሰድብም። ግንደ ቆርቁርን ግን ሰው እንደ ጠላት ነው የሚያየው። "ሆን ብሎ ነው!" ይሉኛል። "እኔን ለይቶ ነው የመጣብኝ!" ይሉኛል።

ለይቶ አይደለም። ግን ያለ ምክንያትም አይደለም። ዛሬ ከዚህ አዳራሽ አንድ ነገር ብቻ ይዛችሁ ብትሄዱ ደስ ይለኛል። እሱም ይህ ነው፦ ወፉ ለምን እንደሚቆረቁር ሳታውቁ ምንም ነገር አትድፈኑ፣ ምንም ነገር አትግዙ። ምክንያቱን ካወቃችሁ ግማሹ ሥራ አለቀ።

ሦስት ነገር እናወራለን። አንደኛ፣ ለምን እንደሚመጣ። ሁለተኛ፣ እንዴት እንደምንመልሰው። ሦስተኛ፣ የተበላሸውን እንዴት እንደምንጠግን። በመካከሉ ወዲያ ወዲህ ብል ታገሱኝ።

በመጀመሪያ ወፉን እንወቀው። ግንደ ቆርቁር አንድ ወፍ አይደለም። በዓለም ላይ ከ200 በላይ ዝርያዎች አሉት። አውስትራሊያ፣ ኒው ዚላንድና ማዳጋስካር ውስጥ የሉም። በተቀረው ዓለም ዛፍ ባለበት ሁሉ ማለት ይቻላል አሉ። የአብዛኞቹ እግር ሁለት ጣት ወደፊት፣ ሁለት ጣት ወደኋላ ነው። ለዚህ ነው ቀጥ ባለ ግድግዳ ላይ ጥፍሩን ነክሶ የሚቆመው። የጭራው ላባ ጠንካራና ደረቅ ነው። ግድግዳው ላይ አስደግፎ እንደ ሦስተኛ እግር ይጠቀምበታል። አንድ ቀን ጠጋ ብላችሁ እዩት። ጭራው ግድግዳውን ሲገፋ፣ አንገቱ ወደኋላ ሲለጠጥ፣ ከዚያ መላ አካሉ ወደፊት ሲወረወር። በእውነት የሚያምር የሥራ ሰው ነው።

"ራሱን አያመውም ወይ?" ብለው የሚጠይቁኝ ልጆች አሉ። ጥሩ ጥያቄ ነው። ለረጅም ጊዜ ሰው ሁሉ የሚያስበው የራስ ቅሉ እንደ ስፖንጅ ምቱን ይውጠዋል ብሎ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2022 የወጣ ጥናት ግን የግንደ ቆርቁሮችን ምት በፈጣን ካሜራ ቀርጾ አየ። የራስ ቅሉ ምንም አይውጥም። እንደ መዶሻ ድርቅ ያለ ነው። ወፉን የሚያድነው አንጎሉ ትንሽ መሆኑ ነው። መዶሻ ለሚይዝ ሰው ይህ ግልጽ ነው። ምት የሚውጥ መዶሻ ሚስማር አይመታም።

እሺ፣ ወደ ቤታችን እንመለስ። ለምን ይመጣል?

የሚመጣባቸው ዋና ዋና ምክንያቶች ሦስት ናቸው። መብል፣ ቤት፣ ድምፅ። እንድገመው። መብል፣ ቤት፣ ድምፅ። እያንዳንዱ በግድግዳችሁ ላይ የራሱን ፊርማ ይተዋል። ፊርማውን ማንበብ ከቻላችሁ የሰው ምክር ብዙም አያስፈልጋችሁም።

በድምፁ ልጀምር። ብዙ ሰው የሚቸገረው በሱ ነው፣ ጉዳቱ ግን ትንሽ ነው። ሌሎች ወፎች ይዘፍናሉ። ግንደ ቆርቁር ይደልቃል። "ይህ ሰፈር የእኔ ነው" የሚለውም፣ የትዳር ጓደኛ የሚጠራውም በዚሁ ነው። በአንድ ሰከንድ ከ10 እስከ 20 ጊዜ ያህል ይመታል። ድርርርር ያደርግና ዝም ይላል። ደግሞ ድርርርር። ፍጥነቱ ያልተዛባ ነው፣ ልክ እንደ ከበሮ። የሚመርጠውም ድምፅ የሚያስተጋባለትን ነገር ነው። ጫካ ውስጥ ቢሆን የደረቀ ባዶ ግንድ ነበር። ቤት ላይ ግን ከዚያ የተሻለ ያገኛል። አሸንዳ፣ የጭስ ማውጫ ክዳን፣ ቆርቆሮ፣ የማዕዘን ጣውላ። ቆርቆሮ ላይ ትል እንደሌለ ያውቃል። የፈለገው ድምፁን ነው። ፊርማው በእንጨት ላይ ከሆነ ጥልቀት የሌለው፣ አንድ ቦታ የተሰበሰበ ትንንሽ ጠባሳ ነው። የመራቢያ ወቅቱ ሲያልፍ በአብዛኛው በራሱ ያቆማል።

አንድ ደንበኛዬ በዚህ የተነሳ ለሳምንታት እንቅልፍ አጥቶ ነበር። የሌሊት ሥራ የሚሠራ ሰው ነው። እሱ ሊተኛ ጋደም ሲል ወፉ ሥራ ይገባል። ደውሎ "አሸንዳውን ነቅለህ ጣልልኝ" አለኝ። ሄድኩ፣ መሰላል አቆምኩ፣ አሸንዳውን በጣቴ አንኳኳሁት። እንደ ደወል ነው የጮኸው። ወፉ የሚቆምባት ቦታ ከአንድ ክንድ አትበልጥም፣ ቀለሙ ተልጦ ታስታውቃለች። እዚያች ላይ ወፍራም ፎም ጠምጥሜ በገመድ አሰርኩ። እንደገና አንኳኳሁት። ዱብ፣ ዱብ። ድምፁ ሞቷል። በማግስቱ ወፉ መጣ፣ ሁለት ጊዜ ሞከረ፣ ዙሪያውን አየ፣ ሄደ። ፎሙ የመራቢያው ወቅት እስኪያልፍ እዚያው ቆየ። አሸንዳውም አልተነቀለ፣ ወፉም አልተነካ።

አያችሁ? ችግሩ ድምፅ ከሆነ መድኃኒቱ ድምፁን መግደል ነው። ባዶ የሚጮህ ጣውላ ከሆነ ከኋላው ያለውን ክፍተት ሙሉት። ሌላ አይደለም።

ሁለተኛው ምክንያት መብል ነው። እዚህ ላይ ትንሽ እንድቆይ ፍቀዱልኝ። ምክንያቱም እዚህ ላይ ወፉ ጠላታችሁ ሳይሆን መርማሪያችሁ ነው።

የመብል ቁርቆራ ድምፁ የተዘበራረቀ ነው። ቱክ... ቱክ ቱክ... ዝም... ቱክ። ይመታል፣ ያዳምጣል፣ ይመታል። ቀዳዳዎቹ ትንንሽና ቅርጻቸው ያልተስተካከለ ነው። አንዳንዴ ደግሞ በአግድም መስመር ተሰልፈው ታገኟቸዋላችሁ፣ በማስመሪያ የተሰመሩ ይመስል። በመስመር ከተሰለፉ ግድግዳችሁ ኮምፔርሳቶ መሆኑን እዩ። ኮምፔርሳቶ በስስ ሽፋኖች የተጣበቀ እንጨት ነው፣ ፕላይውድ የምንለው። ሲሠራ በውስጠኛው ሽፋን ላይ ክፍተት ሊቀርበት ይችላል። ጠርዙ ላይ ካያችሁት እንደ ቀጭን ቱቦ ነው። በዚያች ቱቦ ንቦች ገብተው እንቁላል ይጥላሉ። የማር ንብ አይደሉም፣ ብቻቸውን የሚኖሩ ትንንሽ ንቦች ናቸው። ግንደ ቆርቁሩ ያንን ቱቦ ተከትሎ ይሄዳል። ከእንቁላሉ የተፈለፈለውን እጭ አንድ በአንድ ያወጣል። በመስመር የሆነው ለዚህ ነው።

አንዲት ትልቅ እናት ቤት የሆነውን ልንገራችሁ። የጓዳቸው ግድግዳ ከውጭ በኩል ተበሳስቷል። ልጃቸው ሦስት ጊዜ በስቱኮ ደፍኖታል። ሦስት ጊዜ ተከፍቷል። "ልጄ፣ ይህ ወፍ እልኸኛ ነው" አሉኝ። "እማማ፣ እስቲ ውስጡን እንየው" አልኳቸው። ፈቃዳቸውን ጠይቄ አንዷን ጣውላ በመሮ አነሳሁ። ጣውላዋ ቀላል ነበረች፣ ልክ እንደ ካርቶን። ገልብጬ ሳያት ጀርባዋ በቦይ ተቦርቡሯል። ጉንዳን። ትልልቅ ጥቁር ጉንዳኖች፣ ነጭ እንቁላላቸውን አፋቸው ላይ ይዘው ወዲያ ወዲህ ይሯሯጣሉ። ከጣውላዋ ሥር እንደ ሰጋቱራ ያለ ደቃቅ ተከምሯል። እጄን ከፍ አድርጌ ስዳስስ እንጨቱ ረጥቧል። ከላይ አሸንዳው ተሰንጥቆ ውኃ በግድግዳው ውስጥ ይወርዳል። ጉንዳኑ ርጥብ እንጨት ይወዳል። ወፉ ጉንዳን ይወዳል።

እኚያ እናት ዝም ብለው አዩና "ታዲያ እኛን ሲጠራን ነው የከረመው" አሉ። ከዚያ ቀን በኋላ ይህችን አባባል የትም ብሄድ እደግማታለሁ። እኛን ሲጠራን ነው የከረመው። ስቱኮውን ብቻ ደጋግመን ብንደፍን ኖሮ በሌላ ሁለትና ሦስት ዓመት ግድግዳው ሙሉ በሙሉ ይበሰብስ ነበር። አሸንዳውን ቀየርን፣ የበሰበሰውን ጣውላ አወጣን፣ ጉንዳኑን አስወገድን፣ አዲስ ጣውላ መታን። ወፉ አልተመለሰም። ለምን ይመለሳል? ማዕዱ ተነስቷል።

ስለዚህ የመብል ቀዳዳ ካያችሁ እባካችሁ፣ እባካችሁ መጀመሪያ ነፍሳቱን ፈልጉ። ምስጥ፣ ጉንዳን፣ የጥንዚዛ እጭ፣ ንብ። ርጥበቱን ፈልጉ። እሱ ሳይነቀል የምታደርጉት ሁሉ ከንቱ ድካም ነው። አንድ ነገር ግን ልብ በሉ። ቀዳዳ ባየን ቁጥር ምስጥ አለ ማለት አይደለም። አንዳንዴ ወፉም ሞክሮ ባዶ እጁን ይሄዳል። ክፈቱት፣ እዩ፣ ከዚያ ፍረዱ።

በምዕራብ አሜሪካ ከካሊፎርኒያ ጀምሮ የሚኖር አንድ ዝርያ ደግሞ አለ። እሱ ሊበላ ሳይሆን ሊያከማች ይቆረቁራል። የባሉጥ ፍሬ ያነሳና ለእያንዳንዷ ፍሬ ልኳን ቀዳዳ በስቶ ይሰካታል። አንድ ዛፍ ላይ በሺዎች የሚቆጠር ፍሬ ሊሰካ ይችላል። ዛፍ ከጠፋ የሰው ግድግዳም ለሱ ጎተራ ነው። ፍሬዋ በግድግዳችሁ ላይ ተሰክታ ካያችኋት ጥርጥር የለውም፣ እሱ ነው።

ሦስተኛው ምክንያት ቤት ነው። ጎጆ። ይህኛው ቀዳዳ ክብ ነው፣ ትልቅ ነው፣ ጥልቅ ነው። አፉ ንጹሕ ነው፣ በትራፓኖ የተበሳ ይመስላል። እንደ ዝርያው ይለያያል፣ አንዳንዱ ውስጥ የልጅ ጡጫ ይገባል። ብዙ ጊዜ ከፍ ብሎ፣ ከጣሪያው ጠርዝ ሥር ነው የሚሆነው። ወንዱም ሴቷም ተፈራርቀው ይቆፍራሉ። ብዙውን ጊዜ ከአንድ እስከ ሦስት ሳምንት ይፈጅባቸዋል። ከዚያ እንቁላል ይጣላል። በብዙ ዝርያዎች ከ4 እስከ 6 ነው፣ ነጭ። በሁለት ሳምንት ገደማ ይፈለፈላል። ጫጩቶቹ ደግሞ ሦስት፣ አራት ሳምንት ያህል ውስጥ ይቆያሉ።

አሁን የምነግራችሁን ስነግር ሁልጊዜ ይከብደኛል። ግን ከዚህ የበለጠ የሚያስተምር ነገር የለኝም።

ሥራውን በጀመርኩ በሦስተኛው ዓመት ነው። አንድ ቤት ጠሩኝ። ከጣሪያው ሥር ክብ ቀዳዳ አለ። መሰላል አቆምኩ፣ ወጣሁ፣ ፎም ነፋሁበት፣ በላዩ ጣውላ መታሁ፣ ቀለም ቀባሁ። ግማሽ ሰዓት አልፈጀብኝም። ያማረ ሥራ ነው ብዬ ሄድኩ። በማግስቱ ባለቤቷ ደወለች። "ወፏ ግድግዳውን ይዛ ታለቅሳለች" አለችኝ። አልገባኝም። ስሄድ ወፏ ከመታሁት ጣውላ አጠገብ ተለጥፋ እንጨቱን ትነድላለች። እየጮኸች ነበር። መሰላል ላይ ወጥቼ ጆሮዬን ግድግዳው ላይ አስደገፍኩ። ከውስጥ ድምፅ ይሰማል። ቀጭን፣ የማያቋርጥ፣ በጣሳ ውስጥ እንደታሰረ ንብ ያለ።

ጣውላውን እንዴት እንደነቀልኩት አላስታውስም። አራት ጫጩቶች ነበሩ። ሁለቱ ሞተዋል። ሁለቱ አፋቸውን ከፍተው ወደ ብርሃኑ ዞሩ። ላባቸው ገና አልወጣም፣ ቆዳቸው ሮዝ ነው። ቀዳዳውን እንዳለ ትቼ ወረድኩ። እናትየው ገና መሰላሉን ሳላነሳ ተመልሳ ገባች።

ያን ዕለት ጆሮዬን አስደግፌ ሳላዳምጥ አንድም ቀዳዳ ላልደፍን ለራሴ ቃል ገባሁ። እናንተንም የምለምናችሁ ይህንኑ ነው። ከመድፈናችሁ በፊት ጆሯችሁን አስደግፉ። ከርቀት ሆናችሁም አንድ ሁለት ሰዓት ተመልከቱ። ወፎች ምግብ ይዘው ይገባሉ? ይወጣሉ? ከገቡ ጎጆ ነው። ጫጩቶቹ በርረው እስኪወጡ መጠበቅ አለባችሁ። የምትጠብቁት ሳምንታት ነው፣ ዓመት አይደለም።

ደግሞም የሕግ ጉዳይ አለ። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. ከ1918 ጀምሮ ያለው የስደተኛ አእዋፍ ስምምነት ሕግ ግንደ ቆርቁሮችን ይጠብቃል። በብሪታንያ እ.ኤ.አ. በ1981 የወጣው የዱር አራዊትና የገጠር ሕግ አለ። የአውሮፓ ኅብረትም የአእዋፍ መመሪያ አለው። ያለ ፈቃድ ወፉን መግደል፣ እንቁላል ያለበትን ጎጆ ማፍረስ በነዚህ አገሮች ወንጀል ነው። በሌሎችም ቦታዎች ተመሳሳይ ሕግ ስላለ ከመንካታችሁ በፊት የዱር እንስሳት ጉዳይ የሚመለከተውን መሥሪያ ቤት ጠይቁ። መርዝና ወጥመድማ አይታሰብም። እንጨት ላይ የሚቀባ የሚያጣብቅ ነገር የሚሸጡም አሉ። እሱንም ተዉት። ላባው ላይ ከተጣበቀ ወፉ መብረር ያቅተዋል፣ ግድግዳችሁም ይቆሽሻል።

እሺ። ለምን እንደሚመጣ አየን። አሁን ወደ ሁለተኛው ነጥብ። እንዴት እንመልሰው?

ከሁሉ በፊት ፍጥነት። ሳይቃጠል በቅጠል ይባል የለ? ወፉ ግድግዳውን በለመደ ቁጥር ማስለቀቁ ይከብዳል። በመጀመሪያው ቀን በጭብጨባ የሚሄድ ወፍ በሦስተኛው ሳምንት በምንም አይሄድም። "ያልፋል" ብላችሁ አትተኙ። ያን ቀን ውጡ፣ አጨብጭቡ፣ ከጎን ውኃ ርጩ። በተመለሰ ቁጥር ድገሙት። ይህ የሚሠራው ግን ገና ጎጆ ሳይሠራ ነው።

ቀጥሎ የሚያስፈራራ ነገር። ሰው ሁሉ የሚገዛው የፕላስቲክ ጉጉት ነው። ስንቶቻችሁ አላችሁ? ስንቶቻችሁስ ጉጉቱ አናት ላይ ወፍ ቆሞ አይታችኋል? የአሜሪካው ኮርኔል ዩኒቨርሲቲ የአእዋፍ ላቦራቶሪ ይህን በቁም ነገር ፈትኖታል። ስድስት ዓይነት ማባረሪያ በሰው ቤት ላይ ሞከሩ። የፕላስቲክ ጉጉት፣ ትልልቅ የፕላስቲክ ዓይኖች፣ የሚያብረቀርቅ ጥብጣብ፣ የወፍ ማደሪያ ሳጥን፣ ለወፍ ሞራ የሚቀመጥበት መመገቢያ፣ የጭልፊት ድምፅ የሚያሰማ መሣሪያ። በተደጋጋሚ ውጤት ያሳየው ጥብጣቡ ብቻ ነው። እሱም ከተሞከረባቸው ቤቶች በግማሹ ነው ጉዳቱን ጨርሶ ያቆመው። ጉጉቱና ድምፁ መጀመሪያ ላይ አንዳንድ ቦታ ሠርተዋል፣ ብዙም ሳይቆይ ወፎቹ ለመዷቸው።

እኔም በሥራዬ ያየሁት ይህንኑ ነው። የማይንቀሳቀስ ነገር አያስፈራም። የሚንቀሳቀስና የሚያብለጨልጭ ያስፈራል። ስለዚህ የሚያብረቀርቅ ጥብጣብ ከጣሪያው ጠርዝ አንጠልጥሉ። ርዝመቱ አንድ ሜትር ገደማ ይሁን፣ ነፋስ እንዲያገኘው ታችኛው ጫፍ አይታሰር። አንድ ብቻ ሳይሆን በተጎዳው ቦታ ሁሉ ደርድሩት። ቦታውን ቀያይሩ።

ስለማስፈራሪያ ካነሳን አንድ ታሪክ ልጨምር። ይህን ስነግራቸው ደንበኞቼ ይጽናናሉ። እ.ኤ.አ. በ1995 ናሳ ዲስከቨሪ የተባለችውን የጠፈር መንኮራኩር ፍሎሪዳ ላይ ለማምጠቅ አዘጋጅቶ ነበር። ከመንኮራኩሯ ጋር የተያያዘው ትልቁ የነዳጅ ታንክ ውጪው በፎም የተሸፈነ ነው። ፍሊከር የሚባል የግንደ ቆርቁር ዝርያ መጣና ፎሙን ነደለው። ወደ 200 የሚጠጉ ቀዳዳዎች። መንኮራኩሯ ከማምጠቂያው ወርዳ ወደ ሕንጻው ተመለሰች፣ ተጠገነች። በጁን መጀመሪያ ልትሄድ የነበረችው በጁላይ 13 ሄደች። ለጠፈር የተዘጋጀን መሣሪያ ያስቆመ ወፍ የእናንተን ግድግዳ መብሳቱ ሊያሳፍራችሁ አይገባም።

ታሪኩን ያነሳሁት ግን ለሌላም ነገር ነው። ፎሙን ልብ በሉልኝ። ዛሬ ብዙ ቤቶች ብርድና ሙቀት እንዳይገባ ውጪያቸው በነጭ ፎም ተሸፍኖ በላዩ ስስ ልስን ይደረግበታል። ጀርመንና ስዊዘርላንድ ውስጥ ይህ ዓይነት ግድግዳ በግንደ ቆርቁር በብዛት ይበሳል። ለምን? ወፉ ልስኑን ሲመታው ባዶ ግንድ ነው የሚመስለው። ልስኑን ካለፈ በኋላ ያለው ደግሞ ለስላሳ ነው፣ ጎጆ ለመቆፈር የሚመች። እንዲህ ያለ ቤት ልትሠሩ ካሰባችሁ፣ በተለይ ትልልቅ ዛፍ አጠገብ ከሆነ፣ በማዕዘኖቹ ላይ ልስኑ ወፈር ያለና ጠንካራ እንዲሆን ቀድማችሁ ባለሙያውን ጠይቁ። የተሠራ ቤት ከሆነ ቀዳዳውን በቶሎ ዝጉት። ውኃ ከልስኑ ጀርባ ከገባ ጉዳቱ ከወፉ ይብሳል።

የግድግዳ ምርጫንም ካነሳን፣ ኮርኔል በዚያው ጥናቱ ኢታካ ከተማ አካባቢ 1,400 ያህል ቤቶችን ተመልክቶ ነበር። ይበልጥ የተጎዱት የእንጨት ቤቶች፣ በተለይም የመሬት ቀለም ያላቸው፣ ቡናማና የመሳሰሉት ናቸው። ቦይ ያለው ኮምፔርሳቶም ክፉኛ ይጠቃል። ነጭና ፈካ ያለ ቀለም የተቀቡት ያነሰ ተጎድተዋል። እንግዲህ ቀለም ለመቀየር እያሰባችሁ ከሆነ ይህንን ከግምት አስገቡ።

አሁን አስተማማኙን ልንገራችሁ። መረብ ነው። ከማስፈራሪያ ሁሉ እኔ የማምነው መረብን ነው። ቀዳዳው ሁለት ሴንቲ ሜትር አካባቢ የሆነ ቀላል የወፍ መረብ ውሰዱ። ከጣሪያው ጠርዝ ጀምራችሁ እስከ ተጎዳው ቦታ ታች ድረስ ወጥሩት። ዋናው ምስጢር ይህ ነው፦ መረቡ ከግድግዳው ቢያንስ ሰባት፣ ስምንት ሴንቲ ሜትር ይራቅ። ከተጠጋ ወፉ መረቡ ላይ ሆኖ በቀዳዳው በኩል ይመታል። በደንብ ይወጠር፣ ጎንና ጎኑ ይዘጋ። ከላላ ወፍ ይጠላለፍበታል፣ ያንን ደግሞ አንፈልግም። በደንብ የተወጠረ መረብ ከመንገድ ላይ አይታይም። ለትንሽ ቦታ ደግሞ ላሜራ ወይም ጠንካራ የሽቦ ወንፊት ምቱበት፣ ቀለሙን ከግድግዳው ጋር አመሳስሉት።

አንድ ነገር ልጨምር፣ እሱን በፍቅር ነው የምለው። ግቢያችሁ ውስጥ የደረቀ ዛፍ ካለና ሰውም ቤትም ላይ የማይወድቅ ከሆነ አትቁረጡት። ወፉ ለምን ግድግዳችን ላይ መጣ? ብዙ ጊዜ የደረቀውን ግንድ ሁሉ ስላጸዳንበት ነው። ግንደ ቆርቁር የቆፈረውን ጎጆ ትቶ ሲሄድ ሌሎች ይገቡበታል። ትንንሽ ጉጉቶች፣ ራሳቸው መቆፈር የማይችሉ ወፎች፣ ንቦች። ቤት ለሌላቸው ቤት የሚሠራ ወፍ ነው። እኔ አናጢ ነኝ፣ ይህን ሳስብ ሥራችን አንድ ይመስለኛል።

ሦስተኛው ነጥብ ጥገናው ነው። እሱን ቶሎ ልበል፣ ምክንያቱም ሰዓቱ እየሄደ ነው።

ጎጆ አለመኖሩን አረጋግጣችኋል። ነፍሳቱን አስወግዳችኋል። ርጥበቱን አቁማችኋል። አሁን ድፈኑ፣ ሳታዘገዩ። ክፍት ቀዳዳ ለሌላው ወፍ ግብዣ ነው። ትንንሹን ጠባሳ ለውጭ የሚሆን የእንጨት ስቱኮ ይበቃዋል። ከጣት የሚሰፋውን ግን በስቱኮ ብቻ አትሙሉት፣ ፀሐይ ሲመታው ተሰንጥቆ ይወድቃል። ክብ እንጨት በልኩ ቁረጡ፣ የውጭ ኮላ ቀብታችሁ አስገቡት፣ ሲደርቅ በብርጭቆ ወረቀት አስተካክላችሁ ቀለም ቀቡት። የጎጆ ቀዳዳ ከሆነ መጀመሪያ ውስጡ ያለውን አውጡ፣ ባዶውን ቦታ ሙሉ፣ በላዩ የሽቦ ወንፊት አድርጉ፣ ከዚያ ጣውላውን ቀይሩ። ኮምፔርሳቶ ከሆነ የጠርዙን ክፍተቶች ሁሉ በሲሊከን ዝጉ። ንቧ ካልገባች ወፉ ምን ብሎ ይመጣል? በመጨረሻም ጥገናው እስኪለመድ ድረስ ለጥቂት ሳምንታት ጥብጣቡን በላዩ አንጠልጥሉበት። ወፉ የድሮ ቦታውን አይረሳም።

ጥገናውን የምትሠሩበት ጊዜም ወሳኝ ነው። ከመራቢያው ወቅት በፊት ሥሩት። ወፎቹ ድለቃ ሳይጀምሩ፣ ግድግዳውን ዞር ዞር ብላችሁ እዩ። ከጣሪያው ሥር፣ ማዕዘኖቹን፣ የመስኮቱን ዙሪያ። በጣታችሁ አንኳኩ። ባዶ የሚጮኸውን ምልክት አድርጉበት።

ከእኔ ይኸው ነው። ጊዜያችሁን ሰጥታችሁ ስላዳመጣችሁኝ ከልብ አመሰግናለሁ። የግድግዳችሁን ፎቶ በስልካችሁ ይዛችሁ የመጣችሁ ወደዚህ ወደፊት ኑ፣ ቀዳዳውን አብረን እናንብበው። እዚያ ከኋላ እጅ ያወጣችሁት እናቴ፣ ከእርስዎ እንጀምር። ቀዳዳው ክብ ነው ወይስ የተዘበራረቀ?